የመንገድ እንግሊዝኛ አስተማሪው

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ስለናቅሁ ነው። መናቅ ጥሩ አይደለም የምትሉ ትኖራላችሁ፤ በሉ። እኔ ግን ያንን ሰውዬ አምስት ቀን ሙሉ ከጸጉሩ እስከ ጫማው ስንቀው ቆይቼ፣ በስድስተኛው ቀን የልጄን መታወቂያ ከጉያዬ አውጥቼ በገዛ እጄ ሰጠሁት። ሰው የናቀውን እንዴት ያምናል ብላችሁ የምትስቁብኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ሳቁ።

የምኖረው ሱዳን ድንበር ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከደጋ ወርጄ፣ በሰሊጥ እርሻ ካምፕ ለቀን ሠራተኞች ምግብ አብሳይ ሆኜ ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች እዚህ ሳሉግ እንላቸዋለን። ባለቤቴን ያገኘሁትም እዚያው ካምፕ ነው፤ የትራክተር ኦፕሬተር ነው። ክረምት ሲገባ በቋራ በኩል ወዳሉት እርሻዎች ይሄዳል፤ ስልኩ የሚሠራለት ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። እኔ አሁን በሰሊጥ መጋዘን ጆንያ እሰፋለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፤ ሜሮን ትባላለች።

ስጉ እናት ነኝ፤ አልክድም። ልጄ ባጃጅ ስትሳፈር ታርጋውን በቃሌ እይዛለሁ። ገበያ ልኬያት ትንሽ ከዘገየች ነጠላዬን ሳልለብስ እወጣለሁ። ሜሮን ለጓደኞቿ "እናቴ ሽንት ቤት ድረስ ነው የምትሸኘኝ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሳቋን እወደው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትና ሳታልፍ ስትቀር ግን ሳቁ ቆመ። ከእነሱ ትምህርት ቤት ያለፉት በጣም ጥቂት ናቸው፤ እሱም አላጽናናትም። ዓመቱን ሙሉ ቤት ዋለች። ስልኳን ይዛ ወደ ግድግዳ ዞራ ትተኛለች፤ ስጠራት "እእ" ትላለች።

በዚያ ዓመት ሰው ከማዶ ወደ እኛ ይጎርፍ ነበር። ሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ፍራሽ ተሸክሞ፣ ድስት ተሸክሞ፣ አሮጊት እናቱን በጋሪ እየገፋ የሚመጣውን ሰው በየቀኑ እናያለን። ስደተኞች ስለበዙ የእርዳታ ድርጅቶች መጡ፤ ድርጅቶች ሲመጡ ደግሞ አስተርጓሚ ይቀጥራሉ የሚል ወሬ መጣ። ከወሬው ኋላ ያ ሰውዬ መጣ።

ስሙን ናትናኤል ነኝ አለ፤ ልጆቹ ቲቸር ናቲ አሉት። በሐምሌ ጭቃ ነጭ ሹል ጫማ የሚያደርግ ሰው ነበር። የእኛ አገር ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው እግር ይዞ እንደማይለቅ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እሱ ግን ከድንጋይ ድንጋይ እንደ ዶሮ እየዘለለ ይመጣል፤ ደርሶ ደግሞ መጀመሪያ ጫማውን በሶፍት ይጠርጋል፣ ቀጥሎ ሰላምታ ይሰጣል። ሱዳን ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፣ አውሮፓም ደርሼ ተመልሻለሁ ይላል። ከአውሮፓ ተመልሶ መተማ ላይ ከሻይ ቤት ጀርባ ባለች ራኩባ፣ በሣር በተከደነች ጥላ ሥር፣ ኮምፖንሳቶ ጥቁር ቀብቶ የሚያስተምር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ጠይቄ ነበር፤ በሆዴ።

የትምህርቱን ስም "የመንገድ እንግሊዝኛ" አለው። ለወላጆች የነገረን፣ ልጆቹ ከድርጅት ሰዎች፣ ከሹፌሮችና ከእንግዶች ጋር መነጋገር ይለምዳሉ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ያስቀጥራቸዋል ብሎ ነው። አሥራ አንድ ልጆች ገቡ። ሜሮን ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጉሯን ስትሠራ አየኋትና እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ። ብቻዋን ግን አልለቀቅኋትም። ከሰዓት ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ራኩባው ጫፍ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ።

ከእናቶች የምትመጣ ሌላ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጎረቤቴ እማዋይሽ። የእሷ ልጅ ሰናይት የሜሮን ጓደኛ ናት። እማዋይሽ የምትመጣው ግን ልጇን ልትጠብቅ አልነበረም፤ ለቲቸሩ ቀዝቃዛ ከርከዴ በፔርሙስ ልታመጣለት ነው። እሱ ሲጠጣ አፉን ታያለች። "ጎበዝ ሰው እኮ ነው የሺ" ትለኛለች። "እንግሊዝኛው ከአፉ እንዴት እንደሚወጣ አየሽ?" እኔ የማየው ከርከዴው ሲገባ ነው።

በስድስተኛው ቀን አንድ ቃል ብቻ ነው የምንማረው አለ። ጣውላው መሐል ላይ በትልቁ ጻፈ።

"ዌይ! በሉ!"

"ዌይ!" አሉ ልጆቹ።

"ዌይ መንገድ ነው። ዌይ ዘዴ ነው። ዌይ ልማድ ነው፣ አቅጣጫ ነው፣ ርቀትም ነው። አንድ ቃል፣ ስንት ትርጉም! ደግሞ ዘመዶቹን እዩ።" ከመሐል ወደ ዳር ቀስት እየሳለ ሌላ ሌላ ቃል ጻፈ፤ ሮድ፣ ሩት፣ ፓዝ፣ ሌን፣ ፓሴጅ፣ ኮሪደር፣ ክሮሲንግ፣ ትራንዚት። ጣውላው ጃርት መሰለ። "ኖ ዌይ ስትሉ ደግሞ በፍጹም ማለት ነው። ሰው የማትፈልጉትን ሲላችሁ ኖ ዌይ!"

"ኖ ዌይ!" አሉና ሳቁ። ሜሮንም ሳቀች። ለሳቋ ስል ይህን ሰውዬ ልታገሠው ብዬ ነበር። ነገር ግን የጠመኔውን አቧራ አራግፎ እንዲህ አለ፦

"አያችሁ የሰው ቋንቋ ሀብት? በእኛ ግን፣ መንገድ ካልን አለቀ። ድሃ ቋንቋ ነው።"

አፌ ቀደመኝ። "አላለቀም" አልኩ።

"አቤት እማማ?"

እማማ! እኔ ገና አርባ አልሞላኝም፤ እሱ ቢያንስ ሠላሳ አምስት ነው።

"ሰው የጠረገው ጥርጊያ ነው" አልኩት። "ከብት ሄዶ ያወጣው ዱካ ነው። ወንዝ የሚሻገሩበት መልካ ነው፤ ተራራ የሚያልፉበት በር ነው። ሰፊው ጎዳና፣ አጭሩ አቋራጭ። ሌባ አጥር ቀዶ የሚገባበት ደግሞ መሹለኪያ ነው። ሌላም አለ፤ አንተ ስላልሄድክበት ነው።"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሜሮን አንገቷን ደፋች። እማዋይሽ ከወዲያ ጮኸችብኝ፦ "ኧረ የሺ! ልጆቹን አታደናግሪብን! የሚቀጠሩት በመሹለኪያ ነው?"

"ኖ ፕሮብሌም" አለ ቲቸሩ ጥርሱን እያሳየ። "እማማ ጨዋታ ያውቃሉ።"

ሊበትናቸው ሲል ነገ የተግባር ትምህርት አለ አለ። በሚኒባስ ወደ ሽንፋ ከተማ ወርደው ከድርጅት ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ፤ ከሰዓት ይመለሳሉ። "መታወቂያ አምጡ" አለ። "ሰብስቤ እኔ ጋ አስቀምጣለሁ።"

እዚህ ላይ ሌላ አገር ያለ እናት ብትሆን ለምን ብላ ትጠይቅ ነበር። እኛ ግን ደስ አለን! በቆላ ሠራተኛ ወደ እርሻ ሲወሰድ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ የሁሉንም መታወቂያ ሰብስቦ ይይዛል፤ ሥራው ተጀምሮ ሳያልቅ ማንም እንዳይጠፋበት። በእኛ ዘንድ መታወቂያ ተቀበለኝ ማለት ሥራ ሰጠኝ ማለት ነው። ሳሉጉ መታወቂያውን ካስረከበ በኋላ ነው እፎይ ብሎ የሚተኛው። ስለዚህ ያን ሰውዬ ስንቀው የሰነበትኩት እኔ፣ መታወቂያ ሲጠይቅ የእውነት ቀጣሪ መሰለኝ። እንዳይጠፋ ብዬ የሜሮንን መታወቂያ በፌስታል ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ፈትቼ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ሰጠሁት። "አደራ" አልኩት ደግሞ። አደራ!

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋት። አብሬ ልሂድ ብዬ ነበር፤ ቦታ ሞልቷል አለኝ ሰውዬው። ሜሮን ወርዳ አቀፈችኝ፤ ማቀፍ ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሳቅፋት ከላይኛው ቀሚስ ሥር ሌላ ቀሚስ መልበሷን እጄ አወቀው። በዚያ ሙቀት! ዝናብ ቢመታት ብላ ነው አልኩና ለራሴ መለስኩ። የልጇን የጫማ ክር ሳይቀር የምትፈትሽ እናት ሁለት ቀሚስ ዳብሳ ዝም አለች። ከሰውዬው በላይ የምንቀው ሰው ካለ ያቺን የዚያ ጠዋት ሴት ነው።

መጋዘን ገብቼ መስፋት ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ሐጂ እድሪስ ብቅ አሉ። ከመጋዘኑ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ ከማዶ ጋር ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው።

"የሺ፣ ዛሬ ልጅቱ ቁርስ አላመጣችልሽም?"

"ሽንፋ ሄደች ሐጂ፤ ለሥራ ነው። ቲቸሩ ወስዷቸው።"

"የትኛው ቲቸር? ያ ሱዳን ሰባት ዓመት ኖርኩ የሚለው?" ሳቁ። "ከትናንት ወዲያ ሱቄ መጥቶ፣ በዓረብኛ ኬፍ አሰበሕት ብለው 'የለም፣ ባትሪ ነው የምፈልገው' አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርክ ያለው ሰው የለም ማለት ነው!"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ፣ "የምን ባትሪ?" አልኩ።

"የእጅ ባትሪ ነዋ። ለሁሉም ነው ብሎ ያለኝን በሙሉ ወሰደ። ገመድም ወሰደ፣ ወፍራሙን።" ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። "እንግሊዝኛ በገመድ ነው እንዴ የሚማሩት? መታወቂያዋ የት ነው?"

"እሱ ጋ።"

"ለምን?"

"ያው... ሰብስቦ ሊይዝላቸው።"

ሐጂ ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ። "የሺ፣ አንቺ ካምፕ የኖርሽ ሴት ነሽ። ካቦ መታወቂያ የሚይዘው ምን ፈርቶ ነው?"

"ሠራተኛው እንዳይጠፋበት።"

"ተማሪስ? ተማሪ ቢጠፋ አስተማሪው ምን ይጎድልበታል?"

መርፌው እጄ ላይ ቀረ። ሁለቱ ቀሚሶች፣ ባትሪው፣ ገመዱ፣ ያ ሁሉ የመንገድ ስም አንድ ላይ መጣብኝ። ስልኳን ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ባለቤቴን ደወልኩ፤ አይገኝም። እየሮጥኩ እማዋይሽ ቤት ሄድኩ።

"ልጆቹን ሊያሻግራቸው ነው! ተነሺ እንሂድ!"

እማዋይሽ እግሯን እየታጠበች ነበር፤ ከመታጠቢያው አላወጣችውም። "ማን ነገረሽ?"

"ሐጂ ባትሪና ገመድ ገዝቷል አሉኝ። መታወቂያቸውን ይዟል..."

"አንቺ ሴት፣ ሰው መጠርጠር በሽታሽ ነው" አለችኝ። "ሰናይቴ ቀድማ ትቀጠራለች ብለሽ ነው። ተይ እስቲ፣ ልጆቹ ሰው ይሁኑ።"

ከእሷ ጋር የምጨቃጨቅበት ጊዜ አልነበረኝም። ወጣሁ። ሐጂ ሸቀጥ ጭኖ ወደ ሽንፋ የሚወርደውን አይሱዙአቸውን አስቁመው ጠበቁኝ። "ጋቢና ውስጥ አስገባት" አሉት ሹፌሩን። ለእኔ፣ "አላህ ያግዝሽ። አትጩሂ፤ ከጮህሽ ልጅቱ ትሸሽሻለች" አሉኝ። ያችን ምክር እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

በመንገዱ ሁሉ ከመኪናው ፊት ፊት የሚሮጥ ልቤ ነበር። እንደተወለደች ወባ ይዟት ሦስት ቀን ዓይኗን ያልገለጠችበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ያኔ የማደርገው ነገር ነበረኝ፤ እርጥብ ጨርቅ መቀየር። አሁን ምን ልቀይር? ሹፌሩ ሊያጽናናኝ "ይገኛሉ እትዬ፣ በዚህ ጭቃ የት ይደርሳሉ?" እያለኝ እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘው።

ሽንፋ የደረስነው ቀትር ላይ ነው። ሚኒባሱ ቆሟል፤ ባዶውን። የሚኒባሱ ሹፌር ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ፉል ይበላል።

"ያመጣሃቸው ልጆችስ?"

"በእግር ወደ ወንዙ ወረዱ፣ ወደ ታችኛው መልካ። አንድ መሪ ተቀበላቸው።" ዳቦውን አጠቀሰ። "አስተማሪው ጫማውን አውልቆ በፌስታል ይዟል። ሲሄድ ብታዪው!"

ወደዚያ በኩል መኪና አይገባም፤ በክረምት በዚያ አፈር የሚሄደው ትራክተር ብቻ ነው። ለአረም ሠራተኞች እህል ጭኖ ወደ እርሻ የሚወጣ ትራክተር አገኘሁ። ኦፕሬተሩ የባለቤቴን ስም ስነግረው ምንም ሳይጠይቅ እጁን ሰጠኝና ተሳቢው ላይ ወጣሁ። ጆንያ ላይ ተኝቼ ዝናብ እየመታኝ ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን የወንዙ ድምፅ ተሰማ። ወንዝ አመስግኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አመሰገንኩ። ሞልቷል። ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። በዚያ መሻገር አይታሰብም።

አሥራ አንዱም ግራር ሥር ተኮልኩለዋል። ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ፣ ዱላ የያዘ መሪ ውሃውን ያያል። ቲቸሩ ቦርሳው ላይ ተቀምጧል፤ ባዶ እግሩ ጭቃ መስሏል። ነጩ ጫማ ጉልበቱ ላይ፣ በፌስታል። ልጆቹ በዝናብ ርሰዋል፤ ጫማው አልረሰም።

ሲያየኝ ተነሳ። "እማማ! እንዴት መጡ? ተግባር ላይ ነን እኮ።"

"የምን ተግባር?"

"ክሮሲንግ" አለና ሳቀ። ከልጆቹ የሳቀ የለም።

ሜሮን እንዳየችኝ ፊቷ ተለወጠ። ጩኸቴን ዋጥኩት። "ሜሮንዬ፣ ተነሽ እንሂድ።"

"አልሄድም እማ።"

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ሊቢያ። ከዚያ ባሕሩን።" የተጠና ነገር እንደሚያነብ ሰው አለችው።

"ማዶ ጦርነት ነው ልጄ። ሰው ከዚያ እየሸሸ ወደ እኛ ሲመጣ አላየሽም?"

"የእሱ መንገድ በሌላ በኩል ነው። ጦርነት የሌለበት።"

"በየት በኩል? ከዚህ ስትሻገሩ መጀመሪያ የምትደርሱባት ከተማ ማን ትባላለች?"

ሜሮን ወደ ቲቸሩ አየች። ሌሎቹም አዩት።

"ሴፍ ፓሴጅ ነው" አለ እሱ። "ሩቱ የታወቀ ነው። ኮሪደር አለው።"

"የከተማዋን ስም ነው የጠየቅሁት።"

"ለደኅንነት ሲባል አይነገርም።"

አስቡት እንግዲህ። በዋዜማው መንገድ በእንግሊዝኛ ስንት ስም እንዳለው ሲያስለፈልፋቸው ውሎ፣ ከሚሄዱበት አገር የአንዲት መንደር ስም እንኳ አልነገራቸውም። ስም ይወድዳል፤ ቦታ ግን የለውም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ባዶ ሰው አይቼ አላውቅም።

ግን ልጄን አላሸነፍኳትም። ሜሮን ተነስታ ቆመች። "እዚህ ምን አለኝ እማ? ምን ልሁን? እንዳንቺ ጆንያ ስሰፋ ልሙት? ኖ ዌይ!"

ልጆቹ እግራቸውን አዩ። እኔም እጄን አየሁ፤ የጆንያ ገመድ የቆረጠውን። በጸጉሯ ልጎትታት እችል ነበር፤ ጉልበቱ ነበረኝ። ዛሬ ብጎትታት ነገ ተመልሳ እንደምትመጣ፣ ያኔ ደግሞ ወንዙ እንደማይሞላልኝ ገባኝ።

በዚህ መሐል ነው የካምፑ ሥርዓት ትዝ ያለኝ። እኛ በሠራንበት ካምፕ ካቦው የሠራተኞቹን መታወቂያ ሲይዝ፣ የራሱን ደግሞ ለምግብ አብሳይዋ ይሰጣል። ሠራተኛው ቢጠፋ በመታወቂያው ይፈለጋል፤ ካቦው ሰዎቹን ሜዳ ላይ በትኖ ቢጠፋም እንደዚሁ። አብሳይዋ ለማንም ስለማታደላ እሷ ትይዘዋለች። ስንት ካቦ መታወቂያውን እኔ ዘንድ አኑሯል! የማይሰጥ ካቦ ከመጣ ሳሉጎቹ ማረሚያቸውን መሬት ላይ ጥለው ይቀመጣሉ፤ ወደ ማሳ የሚወጣ የለም።

ሰማንያ ወንድ ለምሳ የምጠራበት ድምፅ ነበረኝ። እሱን አወጣሁት።

"እሺ። ልጄ ትሂድ" አልኩ። ሁሉም ደነገጡ፤ ከሁሉ ይልቅ ሜሮን። "ትሂድ፤ በሥርዓት ግን። አንተ ካቦ ነህ፤ የአሥራ አንድ ልጆች መታወቂያ ይዘሃል። እኔ ደግሞ አብሳይ ነኝ። ያንተን አምጣና ለእኔ ስጠኝ።"

"ምኔን?"

"መታወቂያህን። የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ቤትህ የት እንደሆነ ልወቅ። አንተ ልጄን ይዘህ ትሄዳለህ፣ እኔ ካርድህን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። በሰላም ደረስኩ ብላ ስትደውልልኝ እመልስልሃለሁ።"

ሳቀ። "እማማ፣ ይሄ እርሻ አይደለም እኮ።"

"እርሻ ካልሆነ የእነሱን ለምን ሰበሰብክ?"

ሆቴል ረስቼው ነው አለ። ቀጥሎ ስሜን ሁሉም ያውቁታል አለ። ወደ ልጆቹ ዞርኩ። "ናትናኤል ማን? የአባቱን ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ።" የክፍል ትምህርት ይመስል ሁሉም ጎናቸውን አዩ፤ እጅ የለም።

ያን ጊዜ መሪው ምራቁን ጢቅ አድርጎ፣ ከውሃው ዓይኑን ሳያነሳ፣ "እውነቷን ነው። ካቦ ይሰጣል" አለ። ቀጥሎም "እኔም ስሙን አላውቀውም" ብሎ ጨመረበት።

አንዲት ቀጭን ልጅ ከኋላ፣ "ቲቸር፣ እስቲ አሳየን" አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው።

ይሄኔ ሰውዬው ተፈታ። ያ ሁሉ ኦኬ፣ ያ ሁሉ ኖ ፕሮብሌም ከላዩ ረገፈ። "ደደቦች!" አለ፣ በጥርት ባለ አማርኛ። "ድሮስ እናንተን ብሎ ሰው! ለጆንያ የተፈጠራችሁ! ሂዱ፣ ከእናቶቻችሁ ጋር ጆንያ ስፉ!"

ሜሮን አየችው። ቅድም ያንኑ ቃል ለእኔ ብላው ነበር፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ፊቷ ላይ በጥፊ የተመታች መሰለች። እጇን ዘረጋች።

"መታወቂያዬን" አለች።

የካርዶቹን ፌስታል ከቦርሳው አውጥቶ ወረወረው። ካርዶቹ ጭቃ ላይ ተበተኑ። ልጆቹ ተንበርክከው እየፈለጉ የየራሳቸውን አነሱ። ስድስቱ ከሜሮን ጋር ወደ እኔ መጡ። አራት ቀሩ። ከአራቱ አንዷ ሰናይት ናት። ካርዷን አነሳች፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገች፣ ተመልሳም ለሰውዬው ሰጠችው።

"ሰናይት! ልጄ፣ እናትሽን ምን ልበላት?"

"ተቀጥራለች በዪልኝ እትዬ የሺ" አለችኝ። "እሱን ነው መስማት የምትፈልገው።"

ሄጄ ልይዛት ይገባ ነበር። ጥቂት እርምጃ ነው። ግን የሜሮንን እጅ ይዣለሁ፤ ብለቅቃት ሐሳቧን የምትቀይር መሰለኝ። ሁለት እጅ ነበረኝ፤ በሁለቱም አንዷን ብቻ ያዝኩ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃው ጎደለ። ትራክተሩ እህሉን አራግፎ እስኪመለስ ስንጠብቅ፣ እነሱ በገመዱ ተያይዘው ሲገቡ ከዳር ሆነን አየን። ሰውዬው መሐል ገባ፤ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ ይዟል። ያን ጫማ ማዶ አደረሰው። ሽንፋ ተመልሰን ለፖሊስ ተናገርን። የመጀመሪያው ጥያቄ "የአባቱ ስም ማን ነው?" የሚል ነበር።

ወላጆች፣ ይህን የምታነቡ። እኔ ልጄን አተረፍኩ ብዬ ልመካባችሁ አይደለም። ልጅን ወደ እርሻ የሚወስድን ካቦ አገሩን፣ ዘሩን፣ ያለፈው ዓመት ሥራውን ሁሉ እንጠይቃለን፤ ጣውላ ላይ እንግሊዝኛ የጻፈውን ግን የአባቱን ስም ሳንጠይቅ ከርከዴ እናቀርብለታለን። ያልተማርን ስለሆንን አይደለም። ያልተማርን መሆናችን ስላሳፈረን ነው። እኔ ስለ መንገድ ከእሱ የበለጠ እንደማውቅ በጣውላው ፊት ተናግሬያለሁ፤ ግን መታወቂያ ሲለኝ ዝም ብዬ ፈታሁ። በአፌ እየናቅሁት በልቤ ከእኔ ይሻላል ብዬ ነበር ማለት ነው።

ሜሮን ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ "እማ፣ መታወቂያዬን ለምን ሰጠሽው?" አለችኝ። "መታዘዝ ስለለመድኩ" አልኳት። አሁን ገንዳ ውሃ ከተማ የሞተር ጥገና ትማራለች። ጥፍሯ ውስጥ ግራሶ አይጠፋም። አንዳንዴ ትቆጣኛለች፤ ትቆጣኝ። ታርጋ መያዝ ግን አልተውኩም።

ሰናይት አንድ ጊዜ ደውላለች። እናቷ "የት ነሽ?" ስትላት "መንገድ ላይ ነኝ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም።

እማዋይሽንም ስንቃት እንደነበር ከነገርኳችሁ ሳይገባችሁ አልቀረም። አሁን በየሰንበቱ ትመጣለች። ፊቷ አልቋል። ለምን ልጄን አልያዝሽልኝም ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ብትጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር። የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

"የሺ፣ ሲሻገሩ አይተሻል አይደል? ልጄ ዞር ብላ አየች?"

"አዎ" እላታለሁ። "ሁለት ጊዜ።"

ለእናንተ አልዋሽም። ቀሚሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውሃው እንዳይጥላት እግሯ ሥር እግሯ ሥር ብቻ ነበር የምታየው።